ክረምቱን በኮረብታ፣ በጋውን በሜዳ

ነገሥታቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በድንኳን ኖረዋል ሲባል የሰሚው ስሜት ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ ንጉሥ ከሠራዊቱ ጋር ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣ ሲወርድ እየታየው ይኮራል። ሌላው ደግሞ ያፍራል፤ ላሊበላን ከአለት የፈለፈለ ሕዝብ ቋሚ መናገሻ መቆርቆር እንዴት አቃተው ብሎ ይጠይቃል። የሚኮራውም የሚያፍረውም ግን አንድ ነገር ሳይመረምሩ ተቀብለዋል፤ ጉዞውን መንከራተት አድርገው ወስደውታል። የእኔ ሙግት ከዚህ ይለያል። የነገሥታቱ ሰፈር በዘፈቀደ አልተንቀሳቀሰም፤ የጉዞውን ቀን የሚቆርጥለት ዝናብ፣ የማረፊያውን ቦታ የሚመርጥለት ደግሞ የመሬቱ አቀማመጥ ነበር። ይህን በጉልህ የሚያሳየን አገር የዛሬይቱ ወረታ የቆመችበት የፎገራ ሜዳና ዙሪያውን የከበበው ደጋ ነው። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሜዳው እንጀምር። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከሐይቁ ውሃ እምብዛም ከፍ ሳይል የተዘረጋ ለጥ ያለ ምድር ነው። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ፤ ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ አፈር ጠርገው ወርደው፣ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ሲደርሱ ጉልበታቸው ይላላና የያዙትን ያራግፋሉ። የፎገራ ዋልካ አፈር ከዚሁ የተገኘ ሀብት ነው። ዋልካ ሁለት ጠባይ አለው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ የገባበትን እግር አይለቅም፤ በበጋ ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እየሠራ ይደድራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁለቱ ወንዞች ከአፋቸው ሞልተው ሲፈሱ ሐይቁም ወደ ዳር ሲገፋ የሜዳው ግማሽ ባሕር ይመስላል። ውሃው ሲሸሽ ግን ትቶት የሚሄደው እርጥበት ሣሩን እስከ በጋው እኩሌታ ያቆየዋል፣ የቀረውን ርጥበት ተማምኖ የሚዘራ ሰብልም ያበቅላል። በወተቱም በሥራ ጉልበቱም ስመ ጥር የሆነው የፎገራ ከብት የዚህ ሣር ልጅ ነው። ባለ ከብቱ ውሃው ሲመጣ መንጋውን ወደ ዳገቱ ያወጣል፣ ውሃው ሲጎድል ይመልሰዋል። በእኔ ግምት ነገሥታቱ ወደዚህ አገር ሲመጡ የተከተሉት ይህንኑ የቆየ የከብት መንገድ ነው።

ሰፈሩ ምን ያህል እንደነበር ለመረዳት የተሻለው ምስክር ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ የንጉሡን የልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ድንኳኑን ከ5 እስከ 6 ሺህ፣ የጓዝ በቅሎውን ከ50 ሺህ በላይ ይገምተዋል። ግምቱ ቢጋነን እንኳ ሥርዓቱን የገለጸበት መንገድ የሚታመን ነው፤ ምክንያቱም አንድ እንግዳ ሰው ሊፈጥረው የማይችል ዝርዝር ይዟል። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለ ቦታ ቀድሞ ይተከላል፤ ዙሪያው በመጋረጃ ይከበባል። አብያተ ክርስቲያናቱ ቦታ አላቸው፤ በቀኝና በግራ የዳኞቹ ድንኳኖች አሉ፤ እስረኛ የሚጠበቅበት አለ፤ ፊት ለፊት፣ ከሁሉ ራቅ ብሎ ገበያው ይቆማል። አንበሶች በሰንሰለት ታስረው ከሰፈሩ ጋር ይሄዳሉ። ታቦታቱን ካህናት ተሸክመው ሲያልፉ ቃጭሉን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ከመንገዱ ዘወር ይላል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ስለሚሰፍሩ፣ ነገ በማያውቀው አገር የሚያድረው ወታደር የጌታውን ድንኳን ሳይጠይቅ ያገኛል። ካስማው ተመትቶ፣ አውታሩ ተወጥሮ፣ ምሰሶው ሲቆም ትናንት ሌላ ወረዳ የነበረው መንገድና ሰፈር ዛሬ እዚህ አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በሱስንዮስ ዘመን የመጣው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ፣ በዚህ አገር ከተማ የሚባል ነገር ቢኖር የንጉሡ ሰፈር ነው የሚል ሐሳብ መጻፉ አያስደንቅም።

ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጓዘው ግን በበጋ ብቻ ነው። ዘመቻ ከመስቀል በኋላ ይጠራል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ጓዙ ይነሳል፣ ሰኔ ሲብት ሁሉም ማረፊያውን መያዝ አለበት። ምክንያቱ ከወታደር ይልቅ በቅሎን የሚመለከት ነው። ጭነት ያላት በቅሎ በበጋ በዋልካው ላይ ድንጋይ እንደ ረገጠች ትሄዳለች፤ ሐምሌ ላይ እስከ ሆዷ ትሰጥማለች። ርብና ጉማራ በበጋ በእግር ይሻገራሉ፤ በክረምት ሰውና ጭነት ይዘው ይሄዳሉ። ድንኳኑ ራሱ ዝናብ ከጠጣ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፣ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ስንቁም ቢሆን የበጋ ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ከርጥበት ካልተጠበቁ ዋጋ የላቸውም። በሶ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ገብሱ ቤት ሳለ ተቆልቶ ተፈጭቷል፤ በጉዞ ላይ በውሃ በጥብጦ ለመጠጣት እሳት አያስፈልግም፣ ምጣድ አያስፈልግም፣ ጭስም አይታይም። በሶን የፈለሰፉት እናቶች፣ ወፍጮውንና የጠጅ ገምቦውን በጀርባቸው ይዘው ከሰፈሩ ኋላ የሄዱት ሴቶችም፣ በነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ውስጥ የሚገባቸው ቦታ አልተሰጣቸውም። ያለ እነርሱ ግን ያ ሠራዊት አንድ ሳምንት አይቆምም ነበር።

ወቅትን ተከትሎ ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው በዓለም ዛሬም አለ፤ ማነጻጸሩም ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲበረታ፣ በተለይ ጡረተኞች፣ መኝታና ማብሰያ ያለውን መኖሪያ መኪናቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ አለች፤ በሙቀቱ ወራት ጭር ትላለች፣ በብርዱ ወራት ግን ዙሪያዋ በመኪና ቤቶች ይሞላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1983 ለነዚህ ሰዎች የረጅም ጊዜ መስፈሪያ ከልሎላቸዋል፤ ጊዜው ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው። በእኛ ቢሰላ ከእንቁጣጣሽ ሰሞን እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ መሆኑ ነው፤ ከነገሥታቱ የጉዞ ወራት ጋር መቀራረቡ ልብ ይሏል። ያንን ኑሮ መንከራተት የሚለው የለም፤ ሰዎቹ ወዴት፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደሚሄዱ ያውቃሉ። እነርሱንም ቢሆን የሚያስጨንቋቸው ጥያቄዎች የልብነ ድንግልን ጓዝ ጠባቂዎች ያስጨነቁት ናቸው፦ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ቆሻሻው የት ይደፋል፣ የሚነደው ነገር መቼ ያልቃል።

ወደ ፎገራ እንመለስ። ኢማም አህመድ ኢብራሂም በመንግሥቱ ላይ የከፈተው ጦርነት በ1543 በወይና ደጋ ሲያበቃ ሸዋ ተጎሳቁሎ ነበር፤ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት የመንግሥቱ ክብደት ወደ ጣና ዙሪያ አዘነበለ። ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ሠርፀ ድንግል ክረምቱን ደጋግሞ ያሳለፈው በእንፍራዝ ነው፤ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ያለው የጉዛራ ግንብም በልማድ የእርሱ ሥራ ይባላል። ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጠ። ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ጎንደርን ቆረቆረ። የጎንደር ነገሥታት ከከተማይቱ ሲወጡ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዷ ከሜዳው በስተምሥራቅ ደጋው ላይ ያለችው አሪንጎ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አደረጋት፤ ከእርሱ ወራሾች በኋላ ቴዎድሮስም ዮሐንስ 4ኛም እዚያው ሰፍረዋል። ይህን ዝርዝር በካርታ ላይ ላስቀመጠው ሰው የሚታየው ነገር ግልጽ ነው። ጉዛራ፣ አሪንጎ፣ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር፣ ሁሉም በሜዳው ትከሻ ላይ ናቸው። በዘመናት ውስጥ ሥርወ መንግሥት ተለዋውጧል፣ ሃይማኖታዊ ክርክር መጥቶ ሄዷል፣ መሳሪያው ከጦር ወደ ጠመንጃ ተሸጋግሯል፤ የክረምቱ ቤት ግን በአብዛኛው ከትከሻው አልወረደም፣ ከሜዳውም እጅግ አልራቀም። ንጉሡ ክረምቱን ከጭቃና ከወባ በላይ ሆኖ ሲያሳልፍ የሚበላው ከሜዳው የተሰበሰበውን ነው፤ መስቀል ሲጠባ ደግሞ ከብት፣ ሣርና ደረቅ መንገድ ከእግሩ ሥር አሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የማገዶው ነው። ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ተንከራታች መናገሻዎች ባሳተመው ጥናት ለእንጨት እጥረት ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተቆርጦ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳል የሚለው አስተሳሰብም ከዚያ ወዲህ በስፋት ተለምዷል። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ምኒልክ ከእንጦጦ ከወረዱ በኋላ እንኳ አዲስ አበባን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ እስከ ማሰብ ያደረሳቸው የእንጨት ችግር ነው፤ ባሕር ዛፍ ባይገባ ኖሮ የሚሆነውን ማን ያውቃል። ነገር ግን ማገዶ የሚያስረዳው መናገሻው በአሥርና በሃያ ዓመት አንዴ ቦታ ለምን እንደሚቀይር ነው፤ በየዓመቱ መስቀል ሲጠባ ለምን እንደሚነሳ፣ ሰኔ ሲገባ ለምን እንደሚያርፍ አያስረዳም። ደግሞም ፎገራ ራሱ ዛፍ የሞላበት አገር አይደለም። የሜዳው ሰው ምጣዱን ሲያግል የኖረው በኩበት ነው። እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚፈለገው፣ ነገሥታቱ ፊታቸውን ወደ ጫካ ባዞሩ ነበር፤ እነርሱ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ገላጣ ሜዳ ዳር ሰፈሩ። ሜዳው የሚሰጠው ሌላ ነገር ስለነበረ ነው፤ እህልና ከብት፣ ከከብቱም ኩበቱን ጭምር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጦርነቱን ያነሳል። መንግሥቱ ወደ ጣና የመጣው ከሸዋና ከደዋሮ ተገፍቶ ነው እንጂ ሣር ፍለጋ አይደለም የሚል ነው። ከሸዋ ለምን ወጣ ለሚለው ይህ ትክክለኛ መልስ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ፎገራ ያለበት በጌምድር ሰፊ አገር ነው፤ ለመከላከል ብቻ ቢሆን ከጉዛራ ኮረብታ የሚበልጥ ገደላማ አምባ ሞልቷል። ፍርሃት መንግሥትን ከአንድ ቦታ ያስነሳል፤ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን ምሳው ነው። ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴም በሜዳው በኩል ማለፉ፣ ከሜዳው በስተሰሜን ያለው የይፋግ ገበያ በአገሩ ከታወቁት ትላልቅ ገበያዎች አንዱ መሆኑ፣ አሞሌ ጨው፣ ቡናና ከብት እዚያ መገናኘታቸው ይህንኑ ያጠናክራል። ቀራጩ የሚቀመጠው ነጋዴው በሚያልፍበት ነው።

ጎንደር ይህን ሁሉ አስቆመች የሚለውንም አልቀበልም። ግንቡ የክረምት ሰፈር በድንጋይ ነው። በአጥሩ ውስጥ ንጉሡ፣ ከውጭ አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት፣ የመኳንንቱ ሰፈሮች፣ ገበያው፤ ድንኳኑ ቢነሳም አደላደሉ አልተነሳም። በጋ ሲመጣ ነገሥታቱ አሁንም ይዘምታሉ፤ ታላቁ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 በነገሠባቸው ዓመታት ብዙውን በጋ ያሳለፈው በድንኳን ነው። ለፋሲለደስ ዘመን የሚሰጡት የድንጋይ ድልድዮች፣ በርብ ወንዝ ላይ ያለውን ጨምሮ፣ ቤተ መንግሥቱ ተሠርቶ ካለቀም በኋላ መንገዱ ምን ያህል እንዳሳሰባቸው ይናገራሉ። ቋሚ ቤት ብቻ ያሰበ ንጉሥ ድልድይ ላይ ያን ያህል ኖራ አያፈስም። አዲስ አበባም ብትሆን ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለች ያደገችው በዚሁ ልማድ ነው።

ከሁሉ ከባዱ ተቃውሞ ግን የገበሬው ነው፣ እርሱንም በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ሥርዓት፣ አደላደል፣ የዝናብ ቀመር እያልን ስናደንቅ ያንን ሁሉ አፍ የሚያበላው ማን ነበር? የፎገራና የአካባቢው አራሽ ነው። እንግዳ ንጉሥ ሲያልፍ ድርጎ ያወጣል፣ ተሰሪ ወታደር ሲመደብበት አልጋውን ለቆ ያበላል፣ በሬው ሲታረድ ዝም ይላል። ሰፈሩ ያለፈበት ሁለተኛ እርሻ እስኪያፈራ ይራባል። ይህ እውነት ነው፤ ሥርዓቱ ለገበሬው ደግ ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል። እኔ የምለው፣ ለዚያ ግፍ ልክ ያበጀለት ነገር ቢኖር ያው መንቀሳቀሱ ነበር። ሸክሙ በጋ በጋ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል፣ አንድ አገር ብቻውን አይሸከመውም። ይህ ልክ ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ ያሳየን ቴዎድሮስ ነው። በዘመኑ መጀመሪያ ወታደሩ ደመወዝ እየተከፈለው ከዘረፋ እንዲርቅ የሞከረ ንጉሥ ነበር፤ በ1860ዎቹ አጋማሽ ግን አውራጃዎቹ አንድ በአንድ ከእጁ ወጡና ያ ግዙፍ ሠራዊት ወደ በጌምድር ተጠቀለለ። በ1866፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከጣና ዳር በቆራጣ በኩል የተከማቸው ሰፈር ኮሌራ ገባበት፤ ሰዉ ወደ ደብረ ታቦርና ጋፋት ደጋ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። የሚሄድበት ያጣው ሰፈር የራሱን ጎተራ በላ፤ ገበሬው ሸፈተ፣ እርሻው ጦም አደረ። ቴዎድሮስ በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተተ ወደ መቅደላ የተነሳው በጥቅምት ወር ነው። ሁሉ ነገር ፈርሶበትም ዋልካው እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ የሜዳውን ቀመር የለወጠው ንጉሥ አይደለም። መጀመሪያ የመኪና መንገድ መጣ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱት መንገዶች የሚገናኙባት ሆና ያደገችው ነገሥታቱ ክረምቱን ሊያሳልፉበት ፈጽሞ ባልመረጡት በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ነው፤ በአፈርና በጠጠር ከፍ የተደረገ መንገድ ባይኖር እዚያ ሐምሌን ማሳለፍ ባልተቻለ ነበር። ቀጥሎ ሩዝ መጣ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት፣ በፎገራ የገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከምትባለው ቀበሌ ነው። ሌላውን ሰብል የሚያሰጥመው ውሃ ለሩዝ ምግቡ ሆነና፣ ለዘመናት ሰውና ከብት የሚሸሸው ማሳ በክረምት የሚታረምና የሚጠበቅ ሆነ። የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቋመ። ወንዞቹ ግን ጠባያቸውን አልተዉም፤ በ2006 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው ወደ ከፍታው ወጥተዋል። የትኛው ቀበሌ ዓመቱን ሙሉ ሊቀመጥበት፣ የትኛው በክረምት ሊለቀቅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የቀረበው ለወረዳ አስተዳደርና ለመስኖ መሐንዲስ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ከጉዛራ፣ ከአሪንጎና ከደብረ ታቦር አቀማመጥ የሚወስዱት መረጃ አለ።